ባለ ሁለት ቀኝ ጆሮው ዘነበ

እስቲ ይህን ባነር ተመልከቱት። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ከእድሩ ድንኳን አፍ ላይ፣ በሁለት ብረት መሐል ተወጥሮ የቆመውን። ሰማያዊ ሰማይ አለው፤ ሁለት ነጭ ርግቦች አሉት፤ ጥግ ላይ ነፋስ የማይደፍረው ሻማ ይበራል። መሐሉ ላይ ጥቁር ሱፍ የለበሱ፣ ቀይ ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌ ቆመዋል። ደረታቸው የጎረምሳ ነው፤ ፊታቸው ሰማንያን የተሻገረ ሰው ፊት። አንገታቸው ከሸሚዙ ኮሌታ ብቅ ያለው፣ በስህተት ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ነው። አሁን ደግሞ ጠጋ በሉና ጆሯቸውን እዩ። ሁለቱም ቀኝ ጆሮ ነው።

ከሥር በወርቅማ ቀለም «ታዋቂው ባለሀብት አቶ ዘነበ ሽርጋ፤ ነፍስዎን በገነት ያኑርልን» ይላል።

ታዋቂው! ባለሀብት! ሰውየው በሕይወት ዘመኑ የእኔ የሚለው ነገር ቢኖር አንድ ዶማ፣ አንድ ዲጂኖ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ገመድና ከእምድብር ወረድ ብሎ ያለች የእንሰት ጓሮ ነበር። ሱፍ ለብሶ አያውቅም። ክራቫት ቢሰጡት በግ ያስርበት ነበር።

ትልቋ ልጁ ትርፌ በአርባው ቀን ማለዳ ከአብነት በእግሯ መጥታ እዚህ ባነር ፊት ስትደርስ ቆመች። አብነት ውስጥ ገመድ፣ ሚስማርና ባልዲ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት፤ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ከሩቅ ይሸታታል። በቀብሩ ዕለት ያው ፎቶ በመኪናው መስታወት ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ያኔ ግን ዓይኗ ከእንባ በቀር ምንም አላየም። ዛሬ ፎቶው በር አክሏል። ዛሬ ዓይኗ ደርቋል።

የአባቷ ግራ ጆሮ ግማሹ የለም። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የለም። ጅብ ነው የበላው። ይህን ደግሞ የነገራት ራሱ ነው፤ በነገራት ቁጥር ጅቡ እየተለቀ፣ ሌሊቱ እየጨለመ፣ እሱም እየጀገነ ይሄድ ነበር። ስቱዲዮው ታዲያ ቀኙን ጆሮ ገልብጦ በግራው ሊለጥፍ አስቦ፣ መገልበጡን ረስቶ ለጥፎታል። ጅብ የበላውን ጆሮ ኮምፒዩተር መለሰው።

በዚያ ቀን የሚሆነውን ትርፌ አሳምራ ታውቃለች። እኩለ ቀን ላይ ከሜክሲኮ የተቀጠረ የመድረክ ሰው የአባቷን የሕይወት ታሪክ ለእድርተኛው ያነባል፤ የተነበበው ማግሥቱን ለእብነ በረድ ጠራቢው ይሰጣል፤ ባለ ሱፉ ፎቶም በሴራሚክ ታትሞ ሐውልቱ ግንባር ላይ ይለጠፋል። ወረቀት ይቀደዳል፤ ድንጋይ ግን አይቀደድም። ነገ ልጅና የልጅ ልጅ መቃብሩ ላይ ቢሄድ የሚያገኘው ይህንን ሰውዬ ነው። እሷ የምትፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ ልደታ ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ እየቆፈረ ልጆቹን አሳደገ የሚል። የቀረውን እንደ ፈለጉ ያሽሞንሙኑት።

ወንድሟ ፈቃደ ግን ከጉድጓድ ጋር ተጣልቷል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ትልቅ መደብር አለው። ምን ይሸጣል? የሽንት ቤት መቀመጫ። ነጭ፣ ክሬም፣ ሮዝ፤ ክዳኑ ሳይነኩት ቀስ ብሎ የሚወርድ። አባት ጉድጓዱን ቆፈረ፣ ልጅ መቀመጫውን ይቸረችራል፤ ያው የአባቱን ሥራ ወረሰ ማለት ነው፤ ይህን ብትሉት ግን ፊቱ ይቀላል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ምስኪን በቅሎ፣ ባነር ማሳተሚያ ስለሌላት ነው በተረት የቀረችው።

ለመሆኑ ዘነበ ማን ነበር? ባነሩ አይነግራችሁምና እዚህ ይነገር።

አባቱ መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል ለዘነበ የደረሰችው ቁራጭ፣ ሰው ተኝቶ ቢገላበጥ ጎረቤት ማሳ ውስጥ የሚነቃባት ነበረች። እንሰት ደግሞ ቶሎ አይደርስም፤ ተክለህ ዓመታት ትጠብቃለህ። መጠበቅ የሚባል ነገር ዘነበ ላይ አልፈጠረበትም። እንሰቱን ይተክልና ለሚስቱ ለብርነሽ አደራ ብሎ ይጠፋል።

መጀመሪያ ወንጂ ሄዶ ሸንኮራ ቆረጠ። ከቆረጠው የመጠጠው ይበልጣል እያሉ አብረውት የሄዱት ሲያሙት ኖረዋል። ቀጥሎ ወርቅ ይዛቃል ሲሉት አዶላ ወረደ፤ ወርቅ ፍለጋ ሄዶ ወባ ይዞ ተመለሰ። ብርነሽ ምን አመጣህልኝ ብትለው እጇን ይዞ ግንባሩን አስዳሰሳት። ትኩሳቱ ሳይለቀው ደግሞ ባሕር የሚባል ነገር እንዳለ ሰማ። ውሃ ከእንሰት ቅጠል ላይ ሲንጠባጠብ እንጂ ተኝቶ ሰማይ ሲነካ አይቶ አያውቅምና፣ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ አሰብ ደረሰ፤ ወደቡ ላይ ጆንያ ተሸከመ። ባሕሩን በጣቱ ቀምሶ፣ ይህን ሁሉ ጨው ማን ነው እንዲህ ያባከነው ብሎ ጠየቀ አሉ።

የትም ይሂድ፣ መስቀል ሲደርስ ቤቱ ነው። ታሞም ቢሆን፣ ኪሱ ባዶም ቢሆን፣ ክትፎው ሳይከተፍ ዘነበ ከበሩ ይቆማል። ማስረጃ የሚፈልግ የልጆቹን ልደት ይጠይቅ፤ ሁሉም የሰኔ ልጆች ናቸው። ጎረቤት በሳቅ ይሞት ነበር፤ ዘነበ መስቀልን አክብሮ ሲሄድ ሰላምታውን ትቶ ነው እያለ።

በመጨረሻ ልደታን አገኛት። ያኔ ልደታ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልነበረችም። ጭቃ ቤት በጭቃ ቤት ላይ ተደግፎ፣ አንዱ ሲያነጥስ ሦስተኛው ቤት ይማርህ የሚልበት ሰፈር ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ደግሞ ይበላል። የበላ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማውራቱ ነው የሚያሳፍረን። ዘነበ አላፈረም። በጋ ሲገባ ዶማውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይመጣል፤ ከግቢ ግቢ እየዞረ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ዝናቡ ሳይጀምር ወደ እንሰቱ ይመለሳል። ሰፈሩም ዘነበ ጉድጓዱ አለው። ስሙ ይኸው ነበር። ሽርጋ የሚባል አባት እንዳለው ያወቀ የልደታ ሰው አልነበረም፤ የጠየቀውም የለም።

ጉድጓድ ቆፋሪ ከራሱ ቁመት በታች ሲወርድ ነፍሱ ከላይ ገመዱን በያዘው ሰው እጅ ናት። አፈሩን በባልዲ የሚስበው እሱ ነው፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሚጮኸው እሱ ነው፤ አየር ሲያጥር ጎትቶ የሚያወጣውም እሱ ነው። ስለዚህ ቆፋሪ ገመድ ያዥ ሲመርጥ ሚስት ከሚመርጥበት ይልቅ ይጠነቀቃል። ዘነበ ሁለቱን አንድ አደረገው። ልጆቹን ለእናቱ ትቶ ብርነሽን ልደታ አመጣት፤ ገመዱን እጇ ላይ ጠመጠመላት። ሌሎቹ ቆፋሪዎች መሳቂያ አደረጉት። ሚስቱን ገመድ የሚያስይዝ ወንድ! ማታ ትጣላትና ጠዋት ጉድጓድ ውስጥ ትተውሃለች አሉት። እሱ ደግሞ፣ እኔም ያመጣኋት ለዚሁ ነው፣ ማታ እንዳልጣላት፣ አላቸው።

በዚያ ገመድ ተጎትቶ የወጣ አፈር ነው ልጆቹን ያስተማረው። የትርፌ ሱቅም፣ የፈቃደ መደብርም መሠረታቸው ያ ጉድጓድ ነው።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ፎቅ ተሠራ። ዘነበም አርጅቶ ከእንሰቱ ጋር ቀረ። ባለፈው ዓመት ሲታመም ፈቃደ በመኪና አምጥቶ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የራሱ ቤት ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጠው። ከብርነሽ ጋር መስኮት ሥር ተቀምጦ ፎቆቹን እየቆጠረ፣ ይህ ሁሉ ሰው አንዱ በአንዱ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ጉድጓዱ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ወርዶ ሊያይ ፈለገ። ፈቃደ ይደክምሃል አለው። ድካም አልነበረም ነገሩ፤ ያቺን አሮጌ ጋቢና ያንን ግማሽ ጆሮ ግቢው እንዳያይበት ነበር። ሽማግሌው በአስከሬን ሳጥን ነው ደረጃውን የወረደው።

ትርፌ ይህን ሁሉ እያሰበች ደረጃውን ወጣች። ፈቃደ መስታወት ፊት ቆሞ ክራቫት ያስራል፤ ቀይ። አየችው፤ ከዚያ ባነሩ ላይ ያለውን አስታወሰች፤ ከዚያ እንደገና አየችው።

«ፈቄ፣ ባነሩ ላይ ያለው ደረት የማን ነው?»

ፈቃደ ክራቫቱን ላላ አደረገ። የመለሰችው ሚስቱ ሰብለወንጌል ናት፤ ሜክሲኮ ያለ ባንክ ውስጥ የምትሠራ፣ መራራ ነገር በስኳር ማቅረብ የምታውቅበት ሴት።

«የሠርጋችን ፎቶ ነው እትዬ። ስቱዲዮው ሌላ ሱፍ አልገጥም አለው። አባባ ብቻውን የተነሳው ፎቶ የመስቀል ጊዜው ነው፤ እሱም በባዶ እግሩ፣ ቢላ ይዞ። እሱን እንዴት አድርገን እንሰቅላለን?»

«ስለዚህ የልጅየውን ገላ ለአባትየው ሰጣችሁት።»

«አባባን የማያውቅ ሰው አይለየውም ብለን ነው።»

«የሚያውቀውስ?»

ትርፌ ዓረፍተ ነገሯን አቀረበች። ፈቃደ ሰማትና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ድንኳኑ ውስጥ ደንበኞቹ እንዳሉ፣ የሰብለወንጌል አለቃ እንደሚመጡ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የሽንት ቤት ጉድጓድ ማለት አባትን ማክበር ሳይሆን ማዋረድ እንደሆነ አስረዳት።

«ደንበኞችህ መቀመጫውን ሲገዙህ ከሥሩ ጉድጓድ ያለው አይመስላቸውም እንዴ?»

ፈቃደ ነጋዴ ነውና ሲጨንቀው ዋጋ ይቀንሳል። እሺ አለ፤ «በኮንስትራክሽን ዘርፍ ተሰማርተው» ይባል። ትርፌ አይሆንም አለች። ሰብለወንጌል «በሳኒቴሽን ዘርፍ» ቢባልስ አለች። ትርፌ አሁንም አይሆንም አለች። ፈቃደ የመጨረሻውን አወጣ፤ «የከርሰ ምድር ሥራ ተቋራጭ»።

«እማን ጠይቃችኋታል?» አለች ትርፌ።

«እማ ስለ ፎቶ ምን ታውቃለች?» አለ ፈቃደ።

ብርነሽ በጥቁር ተጠቅልላ በጎን ባለው ክፍል ተቀምጣ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ጉልበቷ ደረጃ አልወርድ ብሏት ከቤት አልወጣችም፤ በቀብሩም ዕለት ያየችው ሳጥኑን ብቻ ነው። ባነሩን ያሳያት የለም። ትርፌ እንደ ተሸነፈች አወቀች። ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ እኩለ ቀን እስኪሆን ጠበቀች፤ ከዚያ ደግፋ አወረደቻት።

ድንኳኑ ሞልቷል። ከፊት ረድፍ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሚደቅሳ ተቀምጠዋል፤ በፊት ጭቃ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ በተሠራው ፎቅ ላይ ዕጣ የደረሳቸው የሰፈሩ ነባር ሰው ናቸው። የእድር ዳኛ ሆነው ስንቱን ቀብረው ስለደከሙ፣ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ዓይናቸውን ከድነው ያዳምጣሉ፤ እድርተኛው ተኝተው ነው ይላል።

የመድረኩ ሰው ድምፁን አወፍሮ ጀመረ። አቶ ዘነበ ሽርጋ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከሚፈልጉት ደረጃ ተከታትለዋል አለ። እውነቱን ነው፤ የሚፈልጉት ደረጃ ዜሮ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ በንግዱ ዓለም ተሰማርተው በተለያዩ የሀገራችን ክፍሎች በኢንቨስትመንት ተንቀሳቅሰዋል አለ። ወንጂ፣ አዶላና አሰብ ኢንቨስትመንት ሆኑ፤ ወባዋም ትርፍ መሆኗ ነው። በከርሰ ምድር ሥራ ተቋራጭነት ለከተማችን ዕድገት አሻራቸውን አሳርፈዋል ሲል ትርፌ ወደ ወንድሟ ዞረች፤ ወንድሟ ጫማውን ያይ ነበር። ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሲል ደግሞ ሳቋ መጥቶ በነጠላዋ አፈነችው። ከሄደበት ሁሉ ውጭ ሀገር የሚባለው አሰብ ነው፤ ያውም እሱ ጆንያ ሲሸከምባት ሀገር ውስጥ ነበረች።

ንባቡ አለቀ። አጨብጭቡ እንዳይባል ልቅሶ ነው፤ አልቅሱ እንዳይባል የሚያለቅስ የለም። ሰዉ ስለማያውቀው ባለሀብት አንገቱን ነቅንቆ ንፍሮውን ቀጠለ። የመድረኩ ሰው ነገሩ መቀዝቀዙ ገባውና ፕሮግራም ጨመረ፤ የሟች ባለቤት መጥተው ከምስላቸው ፊት አበባ ያስቀምጣሉ አለ።

ትርፌ እናቷን ደግፋ ባነሩ ፊት አደረሰቻት። ብርነሽ አበባውን ይዛ ቆመች። ቀና ብላ አየች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እንደገና አየች። ከዚያ የመድረኩን ሰው፣ ማይኩ አፏ ሥር መሆኑን ልብ ሳትል፣ ጠየቀችው።

«ይህ ሰውዬ ማን ነው?»

ድንኳኑ ሁሉ ሰማ። ንፍሮ የሚያላምጠው ማላመጡን አቆመ። ፈቃደ ሮጦ መጣ።

«እማ፣ አባባ ነው እኮ።»

«ፊቱስ የትርፌ አባት ነው።» እጇን ዘርግታ በሸራው ላይ ያለውን ግራ ጆሮ ዳሰሰች። «ጆሮውን የት አደረጋችሁት?»

«እማ፣ ጅብ የበላውን እንዴት አድርገን እናሳይ? አሳመርነው።»

«የምን ጅብ? ይህን ጆሮ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሚደቅሳ ዓይናቸውን ገለጡ።

ብርነሽ መናገር አልፈለገችም ነበር፤ ግን ከጀመረች ደግሞ የሚያቆማት አልነበረም። ወፍጮ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው አለች፤ የሰፈሩ ሁሉ እህል የሚፈጭበት ግቢ። ዘነበ ከታች ድንጋይ ገጥሞት ይፈነቅላል፤ እሷ ድንጋዩን በባልዲ ትስባለች። እርጉዝ ነበረች፤ ለማንም አልነገረችም፤ ፀሐዩ ዞሮባት ገመዱ ከእጇ ሾለከ። ባልዲው ከነድንጋዩ ወረደ። ዘነበ ራሱን ዘወር ባያደርግ ኖሮ ጆሮው ሳይሆን አናቱ ነበር። ደሙን በጨርቅ አስራ ስታለቅስ የግቢው ወንዶች ተሰበሰቡ፤ ይህችን ሴት መልስና ወንድ ገመድ ያዥ ፈልግ፣ ትገድልሃለች አሉት።

«እሱ ምን አላቸው?» አለች ትርፌ። ይህን ታሪክ ሰምታ አታውቅም። አባቴን የማውቀው እኔ ነኝ ብላ ደረጃ ስትወጣ የዋለችው ትርፌ፣ ለካ እሷም ያደገችው በጅብ ተረት ነው።

«አንዴ የለቀቀ ሁለተኛ አይለቅም አላቸው። በነጋታው ጆሮውን አስሮ ገመዱን መልሶ እጄ ላይ ጠመጠመው። እናንተ ስትጠይቁት ጅብ ነው ይላችሁ ነበር፤ ሚስቱ ጣለችበት እንዳትሉኝ።»

ከዚያ ጋሽ ሚደቅሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ባነሩን እንዳላዩት ሆነው አልፈው ብርነሽ ፊት ቆሙ።

«ወፍጮ ቤቱ እኮ የአባቴ ነው» አሏት። «ገመድ ያዧ አንቺ ነሽ? የሞተው ዘነበ ጉድጓዱ ነው?»

ብርነሽ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ ሚደቅሳ ወደ ፈቃደ ዞሩ። ቁጣቸው የሚጮህ ዓይነት አልነበረም።

«ልጄ፣ እኔ በቀብሩ ዕለት መጥቼ ነበር። ዳኛ ነኝና ስም አስጠራሁ፤ የቀረውን አስቀጣሁ፤ አፈር ሳይለብስ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ባለሀብት ነው ያላችሁኝ። ለባለሀብት ስም ማስጠራት ይበቃል። ያ ጉድጓድ እኮ ቤታችን እስኪፈርስ አልሞላም። ዘነበን ሳልቀብረው አስቀራችሁኝ።»

ሳልቀብረው የሚለው ቃል እዚህ ሰፈር ከስድብ ሁሉ ይከብዳል። የሰረቀህ ይመልስልሃል፤ የሰደበህ ይታረቅሃል፤ ወዳጅህን ሳትቀብር ያስቀረህ ግን ምን ይከፍልሃል? ከኋላ አንዱ ሽማግሌ የእኛንም ግቢ እሱ ነው የቆፈረው አሉ። ሌላዋ አሮጊት ተነስታ፣ ያ እየሳቀ የሚቆፍረው፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍነው ነው እንዴ ብላ ጠየቀች፤ መልስም አልጠበቀች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። በአርባው ቀን፣ ንፍሮው ሊያልቅ ሲል፣ ልቅሶ ተጀመረ። የመድረኩ ሰው ልቅሶ በፕሮግራሙ ላይ ስለሌለ ማይኩን አጥፍቶ ተቀመጠ። የሰብለወንጌል አለቃ ሳይቀሩ መሐረብ አወጡ፤ እሳቸውም ያደጉት ለካ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ፣ ጉድጓድ ባለው ግቢ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ፈቃደ ከባነሩ ሥር ቆሞ ቀረ። ያው ደረት፣ ያው ሱፍ፣ ያው ቀይ ክራቫት፤ ልዩነቱ ራስ ብቻ ነበር። አንዲት ቤት የተሳሳተች እንግዳ መጥታ ከሁለቱ የትኛውን ላልቅስ ብትል አይፈረድባትም።

ማግሥቱን ብርነሽ፣ ትርፌና ፈቃደ መቃብሩ ላይ ተገናኙ። እብነ በረዱ ገና አልተጻፈበትም፤ ጠራቢው ወረቀቱን ስጡኝ ብሎ ይጠብቃል። ሴራሚኩ ፎቶ ግን ታትሞ መጥቷል፤ ሱፉም፣ ሁለቱ ቀኝ ጆሮዎችም ከእሳት ወጥተው ያብረቀርቃሉ። ትርፌ ከሱቋ መዶሻ ይዛ ነው የመጣችው። ልትሰብረው ነው የመጣችው፤ ይህን አልደበቀችም።

«ቆይ እትዬ» አለ ፈቃደ። «በመዶሻ ከመታሽው ፊቱም አብሮ ይሄዳል።»

ከመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ የሴራሚክ መቁረጫውን አወጣ። ሰውየው ሱፍ ይልበስ እንጂ ሴራሚክ የመቁረጥ እጅ አለው፤ መደብሩን ከመክፈቱ በፊት በዚያ ነው እንጀራ የበላው። መሬት ላይ ተንበረከከ፤ የሱሪው ጉልበት ቀይ አፈር ያዘ። ብርነሽ ወደ ፎቶው ጎንበስ ብላ እስከ የት ድረስ እንደሆነ በጥፍሯ አሰመረችለት። በቀስታ ቆረጠው፤ ግማሹ ጆሮ አፈሩ ላይ ወደቀ። ጠራቢው ይህ ቤተሰብ ምን ነካው እያለ ተመለከተ።

ሱፉ ቀርቷል፤ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ አይቃናም። ከሥሩ የተጻፈው ግን ብርነሽ ያለችው ነው፦ «ዘነበ ጉድጓዱ። ቆፈረ፤ ገመዱን ሚስቱ ያዘች።» የትርፌ ዓረፍተ ነገር አልገባም። አላኮረፈችም፤ ትንሽ ብቻ አኮረፈች።

እናንተም አባት ያላችሁ፣ ወይ ነገ የምታጡ፤ እባካችሁ፣ የአባታችሁን ፎቶ ወደ ስቱዲዮ ከመውሰዳችሁ በፊት እናታችሁ እጅ ላይ አስቀምጡት። ይህ ሰውዬ ማን ነው ብላችሁ ጠይቋት፤ መልሷን ሳትጨርስም አታቋርጧት።